ጨንቻ ላይ የሚያልበው ሰዓት

አባታቸውን በሞት ያጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። እኛ ግን አባታችንን በቁሙ፣ በአንድ የእጅ ሰዓት ምክንያት ልናጣው ምንም አልቀረንም ነበር። ስጽፈው ለራሴም ቀልድ ይመስለኛል። ያን ቀን እዚያ ከነበርነው ሰዎች ግን የሳቀ አልነበረም። እኔም ከዚያች ቀን ወዲህ ሰው ሲናገር የምሰማበት ጆሮ ሌላ ሆኗል። ታሪኩ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ጊዜው ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ በነርስነት ተመርቄ አርባ ምንጭ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ፤ የምኖረው ከከተማው ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ ታላቅ ወንድሜ ታምራት ቤት ነው። ታምራት የግንባታ ዕቃ ይነግዳል። ደግ ሰው ነው፤ ጥድፊያው ግን ለጉድ ነው። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከሰማ ግድግዳውን አፍርሶ የሚያድር ዓይነት ሰው ነው። አባታችን አንጁሎ ደግሞ ከእኛ ርቆ፣ ደጋው ጨንቻ ላይ፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ለብቻው ይኖራል።

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። የክትባት ሳጥኑን ተሸክሞ የጋሞን ደጋ በእግሩ ያካለለ፣ የማን ላም መቼ እንደወለደች በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ጓሮው ውስጥ ፖም ተከለ። ጨንቻን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ፖም እንደዚያ ያለ ብርድ ካላገኘ አይሆንለትም። አባዬ ዛፎቹን በስም ይጠራቸው ነበር። አንዷን፣ ስትቆረጥ የማትታዘዘውን ግትሯን፣ ምሕረት ብሎ በእኔ ስም ጠርቷታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ይስቃል።

ሰዓቱን የገዛለት ታምራት ነው፣ ለጡረታው። መስታወቱ ሰፊ፣ ማሰሪያው ብረት፣ ጀርባው ላይ ውኃ እንደማያስገባ የተጻፈበት ሰዓት ነበር። አባዬ ይወደው ነበር። ባትሪው ሲያልቅ ወደ ታችኛው የአርባ ምንጭ ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ፣ ወርዶ ሸምሱ ዘንድ አስቀየረ። ሸምሱ ገበያው አጠገብ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ከመስታወት ሳጥኑ ኋላ የሚቀመጥ ሰዓት ሠሪ ነው። ከስልጤ አገር መጥቶ እዚሁ የከተመ ሰው ነው።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባዬ አንድ ቀን ወደ እኛ ወርዶ፣ ሰዓቱ ውስጥ ውኃ አለ አለን። ከመስታወቱ በታች ጤዛ ይይዛል፣ ጠዋት ጠዋት ቁጥሩ አይታይም አለ። ተቀብለን አየነው፤ ጥርት ያለ ነው። ሳቅን፣ እሱም አብሮን ሳቀ። ሲቀላ ወሰደው፤ ሸምሱ ከፍቶ አየ፣ ጠረገ፣ ዘጋ፣ ምንም የለውም ብሎ መለሰው። ከሳምንታት በኋላ አባዬ በዚያው ጉዳይ ተመልሶ መጣ። ሸምሱ እንደገና ከፍቶ አየው። “ጋሼ፣ ይኼ ሰዓት ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ጤነኛ ነው” አለው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ታምራት መሳቅ ተወ።

ታምራት ዝም ብሎ አልነበረም የተጨነቀው። አባዬ ባቄላ ጥዶ ረስቶት ድስቱ ከነባቄላው መቃጠሉን ጎረቤት ነግሮታል። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ገበያ የወጣበትም ቀን ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ድስት ማሳረሩ ብርቅ አይደለም፤ እኔ ራሴ ስንቱን አሳርሬያለሁ። ሰዓቱ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። “ምሕረት፣ የሌለ ነገር እያየ ነው” አለኝ ታምራት አንድ ማታ እራት ላይ። “አንቺ ነርስ ነሽ፣ ይኼ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።” የሚለው ገብቶኛል። የመርሳት ሕመም እንደዚያ የጀመራቸው አረጋውያን ጤና ጣቢያም አይቻለሁ።

ታምራት አባዬን ጠቅልሎ ሴቻ ሊያመጣው ወሰነ። ግቢው ውስጥ ክፍል አሰናዳለት፣ አልጋ ገዛለት፣ መታጠቢያ ቤቱ እንዳያንሸራትተው ሲሚንቶውን አስቧጨረለት። ሁሉንም በፍቅር ነው ያደረገው። አባዬ ግን አልወርድም አለ። ቆላው ያፍነኛል፣ ፖሞቼን ጥዬ የት እሄዳለሁ አለ። አንዱ ሲገፋ አንዱ ሲመልስ ነገሩ ወደ ኩርፊያ ሄደ፤ አባዬ የታምራትን ስልክ ማንሳት አቆመ። በመጨረሻ አባባ ኩሳ እንዲዳኙን ተስማማን። አባባ ኩሳ ጨንቻ ላይ የአባዬ ጎረቤት የሆኑ፣ የመሬትም የትዳርም ጠብ ሲነሳ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአባዬ ጋር በሚኒባስ ወርደው ታምራት ግቢ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጡ።

በሽማግሌ ፊት የራሱ ሥርዓት አለ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ የሚናገረው የፈለገውን ያህል ስሕተት ቢናገር እስኪጨርስ ይሰማል። ታምራት ለዚህ ሥርዓት አልተፈጠረም፤ ያን ቀን ግን ቻለው። ተራው ሲደርስ ድስቱን አነሳ፣ በሩን አነሳ፣ የመንገዱን ርቀትና አንድ ነገር ቢሆን ደራሽ እንደሌለ አነሳ። በመጨረሻ ሰዓቱን አነሳ። ሸምሱ ሁለት ጊዜ ከፍቶ ምንም እንደሌለው መስክሯል፣ አባቴ የሌለ ነገር እያየ ነው አለ።

አባባ ኩሳ ወደ አባዬ ዞሩ። አባዬ ስለ ድስቱም ስለ በሩም አንድ ቃል አልመለሰም። “ውኃውን አይቻለሁ” አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ሽማግሌው ሰዓቱን ከአባዬ እጅ ፈትተው ወደ ብርሃን አነሱት። ዙሪያውን አገላብጠው አዩትና ለታምራት ሰጡት፤ ከታምራት ለእኔ ተላለፈ። ከመስታወቱ በታች እንኳን ውኃ ትቢያም የለም። “አንተስ ምን ትላለህ?” አሉኝ። አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት፤ ለምደነዋል። አሁን የማየው ነገር የለም፣ አባዬ ግን ውሸት ተናግሮ አያውቅም አልኳቸው። ያልኩት ነገር ለማንም አልጠቀመም። አባዬ መሬት መሬቱን እያየ ነበር፤ አንጀቴን በላው።

አባባ ኩሳ አባዬን በስሙ ጠሩት። ከዚህ በኋላ የተነጋገሩት በጋሞኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ።

“ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ እኛ ምን እናደርጋለን?”

“ሄደን ድንበሩ ላይ እንቆማለን” አለ አባዬ።

“ቤታችን ተቀምጠን እንፈርዳለን?”

“አንፈርድም።”

“ሰዓቱ ውኃ የሚይዘው የት ነው?”

“ጨንቻ ነው።”

“እንግዲያ እዚህ ቆላ ተቀምጠን ምን እናያለን?” አሉና ከወንበራቸው ተነሡ። ታምራት ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እጃቸውን አነሱበት። ቃሉ ለምስክርነት የተጠራ ሰው አብሮ መቆም አለበት፣ ሰዓት ሠሪው ይምጣ አሉ። አባዬ ያን ጊዜ ያልተጠየቀውን ተናገረ። እዚያ ደርሳችሁ ውኃ ካላያችሁ፣ ከታምራት ጋር ዛሬውኑ እወርዳለሁ፣ ዳግመኛም አንድ ቃል አልናገርም አለ። ቃሉን እንደማያጥፍ አውቃለሁ።

ሸምሱን እንድጠራ የተላክሁት እኔ ነኝ። ሲቀላ በባጃጅ ስወርድ መልሱን አስቀድሜ አውቄው ነበር። ቅዳሜ ነው፣ ገበያው ሞልቷል፣ ሳጥኑን ሰዎች ከበውታል። ማን ነው በገበያ ቀን ሥራውን ጥሎ ለአንድ ሽማግሌ ሰዓት ጨንቻ የሚወጣው? ጉዳዩን እያፈርኩ ነገርኩት። ወንድሜ ያንተን ቃል አባታችን አእምሮው እንደተነካ ማስረጃ አድርጎታል ስለው በአንድ ዓይኑ የያዘውን ማጉያ አወለቀ።

“እህቴ፣ እኔ ሰዓቱ ውስጥ ውኃ አላየሁም ነው ያልኩት” አለ። “አባትሽ አላዩም አላልኩም።”

የያዘውን ሰዓት ለባለቤቱ መለሰ፤ ሰኞ ና አለው። ሳጥኑን ቆለፈ፣ ለባለ ሱቁ አደራ ሰጠ፣ ማጉያውንና አንዲት ትንሽ መክፈቻ ኪሱ ከተተ። ለቆላ ሙቀት ለብሶ የዋለ ሰው ነው፣ ጃኬት እንኳ አልነበረውም። እንደዚያ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ብል አላጋነንኩም።

በታምራት ፒክአፕ አምስታችን ወጣን። ሰዓቱን አባባ ኩሳ አሰሩት፤ ለማንም እንዳያደላ በእኔ እጅ ይሁን ብለው ነው። ፒክአፑ ባዶ የኋላ ጭነቱን እያንገጫገጨ ይወጣል። ታምራት ለምን በፒክአፕ እንሂድ እንዳለ ሁላችንም ገብቶናል፤ ሲመለስ የአባዬን ዕቃ ሊጭንበት ነው። ጠመዝማዛውን ስንይዝ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሁለቱ ሐይቆች፣ ዓባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆነው ከታች ቀርተዋል። በየመታጠፊያው ሁላችንም የሽማግሌውን እጅ እናያለን። ሰዓቱ ጥርት ያለ ነው። ዶርዜ ላይ ጉሙ ተቀበለን፤ ሸምሱ ክንዶቹን አቅፎ ይንቀጠቀጣል። አባባ ኩሳ የቡሉኳቸውን ጫፍ አልብሰውት እጃቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። ቀርከሃው፣ እንሰቱ፣ የሚጮሁት ልጆች ሁሉም አለፉ። ጨንቻ ደረስን።

አባዬ ቤት በር ላይ ቆመን ሽማግሌው እጃቸውን ከቡሉኮው ውስጥ አወጡ። አምስታችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ምንም የለም። የሰከንዱ ቆጣሪ እንኳ እየተራመደ ይታያል።

ታምራት አላሾፈም፣ እንዳልኳችሁም አላለም፤ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ጓዳ ገብቶ ብርድ ልብሶቹን ማጣጠፍ ጀመረ። አባዬ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አደረገው። አንድ ጊዜ ወደ ጓሮው አየ።

“ምሕረቴ” አለኝ፣ “የፖሙን መቀስ ጠቅልይልኝ። ሹል ነው፣ ሰው እንዳይወጋ።”

ያን መቀስ ስጠቀልል የተሰማኝን መቼም አልረሳውም። ቆላ ምን ይቆርጥበታል? ምንም እንደማይቆርጥበት እሱም ያውቃል። ግን ቃል ሰጥቷል፤ ዕቃውን እየሰበሰበ ነው። እያለቀስኩ በጆንያ ጠቀለልኩት።

አባባ ኩሳ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ሰዓቱ አሁንም እጃቸው ላይ ነው፤ በሌላው እጃቸው ይዳብሱታል። “አንጁሎ” አሉ፣ “ይኼ ሰዓት አንተ ቤት ሲሆን የት ነው የሚያድረው?”

አባዬ ቀና አለ። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ምስማር አሳየ። አስሬው አልተኛም፣ ሰውነቴ ላይ ብረት አልወድም አለ። አፈር ስነካም አወልቀዋለሁ፣ እዚያው እሰቅለዋለሁ አለ።

“ውኃውን የምታየው ከእጅህ ላይ ነው፣ ከምስማሩ ላይ?”

አባዬ አሰበ። በደንብ አሰበ። “ከምስማሩ ላይ ሳነሳው ነው” አለ።

“እኔ ደግሞ በቡሉኮ ሸፍኜ፣ ደረቴ ሥር አቅፌ ነው ያመጣሁት” አሉ ሽማግሌው። “ሙቅ ነው፣ ዳብሰው። የሄድንበት ቦታ ድንበሩ አይደለም፤ ድንበሩ ምስማሩ ነው።” ገቡና ሰዓቱን ራሳቸው ሰቀሉት። መስኮቱን ከፈቱት። ማናችንም ወደዚያ እንዳንጠጋ አዘዙ፤ ከክፍሉ ማዶ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥን።

ጥበቃውን እንዴት ልንገራችሁ? እኔ ድንች ቀቀልኩ፣ ከቃሪያ የተፈጨ ዳጣ አወጣሁ፤ ዳጣው አፋችንን አቃጠለን። ከውጭ ጉሙ በቀርከሃ አጥሩ ላይ እየወረደ ጓሮውን ሸፈነ፤ ካፊያ መጣ። ታምራት ሦስት አራት ጊዜ ተነሥቶ ተቀመጠ። ሲመሽ መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ መሄድ አለብን አለ። አባባ ኩሳ መሄድ ትችላለህ፣ ግን ሳታይ የሄድህ እንደሆነ ሳታይ አትፍረድ አሉት። ተመልሶ ተቀመጠ። አባዬ ግን የሚገርመኝ ምስማሩን አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየም። ለሸምሱ ካፖርቱን አልብሶት ስለ ስልጤ ከብቶች ይጠይቀው ነበር። እንግዳ እንዳይከፋው ነው። ሁሉም ነገር ሊወሰድበት ባለበት ሰዓት እንግዳ ያስተናግድ ነበር፤ ምን ዓይነት ሰው እንደወለደኝ ያን ቀን ነው በደንብ ያየሁት።

ብርሃኑ ሳይጠፋ አባባ ኩሳ ሸምሱን ተነሣ አሉት። ከመካከላችን ለማንም የማይወግን አንተ ነህ፣ ሄደህ ያየኸውን ተናገር አሉት። ሸምሱ ወደ መስኮቱ ሄዶ ፊቱን ወደ ምስማሩ አስጠጋ። ማጉያውን ከኪሱ አወጣ፤ ከዚያ ሳይጠቀምበት መለሰው። ጀርባው ለእኛ ነው፣ ምን እንዳየ አይታወቅም።

“ታምራት፣ ና” አለ።

ታምራት ሄደ። እኔም ተከተልኩት። የሰዓቱ መስታወት ከውስጥ አመዳይ የመሰለ ጤዛ ለብሷል። የታችኛው ግማሽ ቁጥሩ አይታይም፤ ከጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ተሰብስባለች። ታምራት ሳይነቅለው በአውራ ጣቱ ጠረገው። አልሄደም። ደግሞ ጠረገው። እንደ ሕፃን ደጋግሞ ጠረገው፣ ጤዛው ግን ከውስጥ ነው። ከዚያ ዞሮ ሄደና አባዬ ጉልበት ላይ ወደቀ። አባዬ በሁለት እጁ ብብቱን ይዞ አነሳው። “አንተ ስለ እኔ ፈርተህ ነው” አለው።

ሸምሱ ዝም ብሎ ቢወርድ የሚጠይቀው አልነበረም። እሱ ግን ቆሞ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ባትሪውን ስቀይር የጀርባውን ክዳን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት ማርጀቱን አላየሁም፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ ከፍቼ ስዘጋው የሲቀላን ወበቅ ነው የዘጋሁበት። ወበቁ እዚያ ሙቀት ላይ አይታይም፣ እዚህ ብርድ ሲያገኘው ነው ውኃ የሚሆነው አለ። አዲስ ጎማ ይዞ ራሱ ጨንቻ እንደሚመጣና ከእንግዲህ እዚሁ፣ በደረቅ ቀን፣ በጨንቻ አየር እንደሚዘጋው ተናገረ። እንዳለውም አደረገ። ከዚያ በኋላ ያ ሰዓት አንድ ቀን እንኳ አላለበውም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አባባ ኩሳ ሊመርቁ ቡሉኳቸውን አስተካከሉ። አባዬ ግን ቆይ አላቸው።

“አሁን ካመናችሁኝ፣ የምነግራችሁ ነገር አለ” አለ።

ተቀመጥን። አባዬ ወደ እሳቱ እያየ ተናገረ። ድስቱ የተቃጠለው አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሌሎች ሁለት ድስቶች አሳርሮ ጓሮ ቀብሯቸዋል። ባለፈው ወር የታመመች ላም ሊያይ ሄዶ ሲመለስ፣ ዕድሜ ልኩን የሄደበት መንገድ መንታ ላይ ጠፋበት። ወደየት እንደሚታጠፍ አላወቀም። የሚያውቀው ሰው መጥቶ ሰላም እስኪለው ቆመና፣ ወሬ የሚያወራ መስሎ ተከትሎት ገባ። ስሞችም ይጠፉበታል። “እየረሳሁ ነው” አለን። “ሰዓቱን በደንብ ነው ያየሁት። ያየሁትን ሳታምኑኝ፣ የጠፋብኝን ብነግራችሁ ምን ታደርጉኝ ነበር?”

አሁን ሳስበው ታምራት ያን ጊዜ ታዲያ ያልኩት ልክ ነበር ማለት ይችል ነበር። ግማሹን ልክ ነበር እኮ። ፒክአፑ ደጅ ቆሟል፣ ብርድ ልብሶቹ ታጥፈዋል። ያ ጥድፊያ የበላው ወንድሜ ግን በዚያ ሁሉ ወራት ጠይቆት የማያውቀውን ጠየቀው።

“አባዬ፣ አንተ ምን ትፈልጋለህ?”

“እዚሁ ልርሳ” አለ አባዬ። “ሴቻ ብጠፋ የማንም ነኝ። እዚህ ብጠፋ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ቤቴ የት እንደሆነ ያውቃል። ከብቱን ከትቤለታለሁ።”

ታምራት ተነሥቶ ያጠፋቸውን ብርድ ልብሶች አንድ በአንድ አልጋው ላይ መልሶ አነጠፈ። እኔ ወደ ጨንቻ ዝውውር እጠይቃለሁ አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ነው ማሰቤን ያወቅሁት። ታምራት ቅዳሜና እሑድ እኔ እመጣለሁ አለ። አባባ ኩሳ በጋሞኛ መረቁን፤ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዛፎቹን፣ የስልጤውን ሰው ጨምረው መረቁ። ሸምሱ የአባዬን ካፖርት እንደለበሰ ከታምራት ጋር ወረደ። እኔ እዚያው አደርኩ፤ እንደዚያ እያልኩ ዓመታት አደርኩ።

ዝውውሩ ሲፈቀድልኝ ጓደኞቼ ከተማ ጥለሽ ወደ ብርድ ብለው አዘኑልኝ። እኔ ግን ከዚያ ቤት ያገኘሁትን ዕውቀት ትምህርት ቤት አላገኘሁትም። ሕመምተኛ መጥቶ እዚህ ይወጋኛል ሲል፣ ነክቼው የማገኘው ነገር ባይኖርም የለም ማለት ተውኩ። የት ሲሆኑ ነው የሚሰማዎት፣ ምን ሲያደርጉ፣ ተኝተው ነው፣ ቆመው እላለሁ። የሚያስለቅሳት ሕመም ቤቷ ውስጥ ብቻ የሚነሳባት ሴት ነበረች፤ ቤቷ ሄጄ ነው የገባኝ። እናንተም ዘንድ አንድ ነገር አየሁ የሚል፣ እናንተ የማታዩትን የሚናገር አባት ወይም እናት ይኖር ይሆናል። ሁሌ ልክ ናቸው አልላችሁም። አባዬም ኋላ ኋላ ልክ አልነበረም። ግን አባባ ኩሳ ድንበሩ ላይ ሄደው ቆመው ነው የፈረዱት፤ ሸምሱ ገበያውን ጥሎ በሸሚዝ ብርድ ውስጥ የገባው ለአንድ ሰው ቃል ነው። እነዚያን ሰዎች ባሰብኩ ቁጥር እኮራለሁ፤ የእኔ አገር ሰዎች ናቸው ብዬ እኮራለሁ።

አባዬ እንደተመኘው እዚያው ረሳ። ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለቱንም ጊዜ ሰው እጁን ይዞ አመጣው። በመጨረሻው ዓመት ስሜ እንኳ ይጠፋበት ነበር፤ ልጄ ይለኝ ነበር፣ ያም በቂ ነው። አንድ ማለዳ ከአልጋው ተነሥቶ በሩን ክፈቺ አለኝ። እናትሽ ደጅ ቆማለች፣ ዝናብ እየመታት ነው አለ። እናቴ ከሞተች ያን ጊዜ ብዙ ዘመን ሆኗታል። ሞታለች ላለማለት አንደበቴን ያዝኩት፤ ብዬው ቢሆን ያን ጠዋት እንደ አዲስ ያለቅስላት ነበር። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። በሩ ሥር አየሁ፣ ከአጥሩ ውጭ አየሁ፣ በፖሞቹ መካከል እስከ ጓሮው ጫፍ ሄጄ አየሁ። በዝናብ ርሼ ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“አባዬ፣ ወጥቼ አየሁ፤ የለችም” አልኩት።

የረጠበ ፀጉሬን ዳሰሰ። “አንቺ ወጥተሽ ካየሽማ እሺ” አለኝ፤ አምኖኝ ጋደም አለ።